ኮምፒዩተር በኮምፒዩተር ውስጥ፤ በቤት የሚዘጋጅ ቤተ ሙከራና የስክሪፕት ብልሃቶች

አንድ የሙከራ ውጤት ተቀባይነት የሚያገኘው ሌላ ሰው፣ በሌላ ቦታ፣ ያንኑ ሙከራ ደግሞ ወደዚያው ውጤት ሲደርስ እንደሆነ ለፊዚክስ ተማሪዎች ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እናስተምራለን። የፔንዱለምን ውዝዋዜ የሚለካ ተማሪ የክሩን ርዝመት፣ የመነሻውን ማእዘንና የተጠቀመበትን ሰዓት በደብተሩ ካልመዘገበ ማርክ ይቀነስበታል። ይኸው ተማሪ በኮምፒዩተር ያሰላውን ቁጥር ከየት እንዳመጣው ሲጠየቅ ግን መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ፕሮግራሙ ሰጠኝ» የሚል ነው። የትኛው የፕሮግራሙ እትም? በየትኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ? ትእዛዛቱ በምን ቅደም ተከተል ተሰጡ? ለእነዚህ ጥያቄዎች ደብተሩ ባዶ ነው።

የጉዳዩ ክብደት በሚገባ የተሰማን በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርታችንን በምንከታተልበት ጊዜ ነበር። የምናጠናው አንድ ቅንጣት ከተወሰነ መነሻ ተነሥቶ፣ በውስብስብ የኃይል መስክ ውስጥ ሲንከራተት ቆይቶ የሚያመልጥበትን ጊዜ ነበር። ስሌቱ ተጠናቆ፣ ሥዕሎቹ ተሠርተው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ አማካሪያችን አንድ ተጨማሪ መስመር በግራፉ ላይ እንድንጨምር ጠየቁን። በመካከሉ ግን የቡድኑ ኮምፒዩተሮች ከ32 ቢት ወደ 64 ቢት ተለውጠው፣ አሮጌዎቹም ተጠርገው ለሌላ ሥራ ተሰጥተው ነበር። ያንኑ ፕሮግራም ከዚያው መነሻ አስነሥተን በአዲሱ ማሽን ላይ ብናስኬደው ከቀድሞው ጨርሶ የተለየ የማምለጫ ጊዜ ሰጠን። ከሁለቱ የትኛው ነው ትክክል? አሮጌው ማሽን ስለሌለ የቀድሞውን ቁጥር ዳግመኛ ማግኘት አልቻልንም፤ ዳግመኛ የማናገኘውን ቁጥር ይዘን ደግሞ በፈታኞች ፊት ልንቆም አንችልም።

ምክንያቱን ለማግኘት ስድስት ሳምንት ፈጀብን። በኢንቴልና በመሰሎቹ ፕሮሰሰሮች ላይ የ32 ቢት ፕሮግራሞች እንደ ልማድ ይጠቀሙበት የነበረው የአስርዮሽ ስሌት ክፍል መካከለኛ ውጤቶችን በ80 ቢት ይይዝና ወደ ሜሞሪ ሲያወጣቸው ወደ 64 ቢት ያሳጥራቸዋል። የ64 ቢት ፕሮግራሞች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው እስከ መድረሻው በ64 ቢት ያሰላሉ። ልዩነቱ ብቅ የሚለው በ16ኛው አሃዝ አካባቢ ነው። የድልድይን ጭነት ወይም የአንድን ክፍል አማካይ ውጤት ለሚያሰላ ሰው ይህ ከቁጥር የሚገባ ነገር አይደለም። እጅግ ጥቂት የመነሻ ልዩነት በጊዜ ብዛት እየተባዛ በሚሄድበት፣ ኬኦስ ተብሎ በሚታወቀው ሥርዓት ውስጥ ግን 16ኛው አሃዝ ላይ የተጀመረው ልዩነት ጥቂት ቆይቶ የመጀመሪያውን አሃዝ ይለውጠዋል። እንደ እድል ሆኖ የብዙ ሺህ መንገዶች አማካይ በሁለቱም ዓይነት ማሽን በስሕተት ወሰኑ ውስጥ አንድ ሆኖ ስለተገኘ ዋናው ድምዳሜ ተረፈ። በአንድ ነጠላ መንገድ ላይ የተመሠረተውና እኛም አብልጠን እንወደው የነበረው ሥዕል ግን ከጽሑፉ ወጣ።

ያ አሮጌ ማሽን እንዳለ፣ ከነሙሉ ይዞታው፣ በአንድ ፋይል ውስጥ ተቀምጦልን ቢሆን ኖሮ የስድስት ሳምንቱ ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ባለቀ ነበር። ማሽንን በፋይል ውስጥ ማስቀመጥ የሚለው አባባል ለጆሮ እንግዳ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ዘዴው ከብዙዎቻችን ዕድሜ የሚበልጥ ነው።

እንግዳውና አስተናጋጁ

ምናባዊ ማሽን ማለት በአንድ እውነተኛ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚኖር፣ የራሱ ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪ፣ ዲስክና የኔትወርክ ካርድ ያለው የሚመስለው ኮምፒዩተር ነው። እውነተኛው ማሽን አስተናጋጅ፣ በውስጡ የሚሠራው ደግሞ እንግዳ ይባላል። ሁለቱን የሚያገናኘውና የሚለያየው ፕሮግራም ሃይፐርቫይዘር ይሰኛል። እንደ ደግ የቤት ጌታ ለእንግዳው ማረፊያና ስንቅ ይሰጠዋል፤ የጓዳውን ቁልፍ ግን አይሰጠውም።

የዚህ ሐሳብ መነሻ የአይ ቢ ኤም ኩባንያ በማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ ከተማ የነበረው የሳይንስ ማእከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ላይ የዋለው ሲፒ-40 የተባለው ሥርዓት አንዱን ትልቅ ኮምፒዩተር ለብዙ ተጠቃሚዎች በማካፈል ለእያንዳንዱ ሙሉ ማሽን የያዘ እንዲመስለው አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ1974 ጄራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ሃይፐርቫይዘር ሊያሟላ የሚገባውን በሦስት ነጥቦች ወሰኑት። እነርሱም፣ ፕሮግራሙ በእንግዳው ውስጥ በእውነተኛው ማሽን ላይ እንደሚሠራው ሆኖ እንዲሠራ፣ የማሽኑ ሀብት በሃይፐርቫይዘሩ ቁጥጥር ሥር እንዲሆን፣ አብዛኞቹም ትእዛዛት ያለ ጣልቃ ገብነት በቀጥታ በፕሮሰሰሩ እንዲፈጸሙ የሚሉ ናቸው።

ሦስተኛው ነጥብ ዘዴውን ፈጣን የሚያደርገው ነው። እንግዳው ሁለት ቁጥሮችን ሲደምር ማንም አያቋርጠውም። ዲስክን ወይም የሜሞሪን ካርታ የሚነካ፣ ልዩ መብት የሚጠይቅ ትእዛዝ ሲያወጣ ግን ፕሮሰሰሩ ሥራውን አቁሞ ጉዳዩን ለሃይፐርቫይዘሩ ያቀርባል፤ ሃይፐርቫይዘሩም በእንግዳው ስም ፈጽሞለት ይመልሰዋል። በቤታችን ያሉት የኤክስ-86 ቤተሰብ ፕሮሰሰሮች ለረዥም ጊዜ ለዚህ አይመቹም ነበር። ምክንያቱም ጥቂት ትእዛዛት መብት በሌለው ፕሮግራም ሲሰጡ ሥራውን ከማቋረጥ ይልቅ በዝምታ ሌላ ውጤት ይሰጡ ነበር። ቪ ኤም ዌር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ለተራ ተጠቃሚዎች ባቀረበው ምርት ችግሩን ያለፈው እነዚያን ትእዛዛት በሥራ ላይ እያሉ በሌላ በመተርጎም ነው። ከ2005 እና ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ኢንቴልና ኤ ኤም ዲ እርዳታውን በፕሮሰሰሩ ውስጥ ጨመሩት። ዛሬ በነጻ የሚገኙት ቨርቹዋልቦክስ እና የሊኑክሱ ኬ ቪ ኤም የሚሠሩት በዚሁ እርዳታ ነው።

ሥራውን ለመጀመር የሚያስፈልገው

8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ተራ ላፕቶፕ ይበቃል። ለመጀመሪያው እንግዳ 2 ጊጋባይት ሜሞሪና 20 ጊጋባይት ዲስክ መስጠት በቂ ነው። ዲስኩ እያደገ እንዲሄድ ሆኖ ከተዘጋጀ 20 ጊጋባይቱ በአንድ ጊዜ አይያዝም፤ እንግዳው በጻፈው ልክ ያድጋል፣ የተጻፈው ሲጠፋ ግን በራሱ አያንስም። ሜሞሪ እንዲህ ያለ የዱቤ ጠባይ የለውም። ለእንግዶች የተሰጠው ድምር ወደ 8 ጊጋባይት ከተጠጋ አስተናጋጁ ዲስኩን እንደ ሜሞሪ መጠቀም ይጀምርና ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል። ሃይፐርቫይዘሩ አልነሣም ካለ ደግሞ በመጀመሪያ መታየት ያለበት በኮምፒዩተሩ የመነሻ ማስተካከያ ውስጥ የፕሮሰሰሩ እርዳታ ተዘግቶ እንደሆነ ነው። ከኤክስ-86 ቤተሰብ ውጭ የሆነ ፕሮሰሰር ባላቸው አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ የኤክስ-86 እንግዳ የሚሠራው እያንዳንዱ ትእዛዝ እየተተረጎመ በመሆኑ እጅግ ይዘገያል።

ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከኢንተርኔት ሲወርድ የፋይሉን አሻራ ማመሳከር አይዘንጋ። ሻ-256 የተባለው ስሌት ከማንኛውም ፋይል ባለ 64 ምልክት አሻራ ያወጣል፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ቢት ብትለወጥ አሻራው ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ሙሉ መስሎ ጎደሎ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ይህን ሳያመሳክር ሲጭን የሚያመሽ ተማሪ በየዓመቱ ያጋጥመናል።

እንግዳው ከተጫነ በኋላ ከሁሉ የሚጠቅመው ስናፕሾት የሚባለው ነው። በካርታ ላይ ስስ ግልጽ ወረቀት ዘርግተን ማስታወሻ ብንጽፍ ካርታው ከወረቀቱ ሥር ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ስናፕሾት ሲወሰድ የእንግዳው ዲስክ እንዲሁ ካለበት ሁኔታ ይታሰርና ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ በአዲስ ፋይል ላይ ይሰፍራል። ሲነበብ በአዲሱ ላይ ያለ ከአዲሱ፣ የሌለ ከሥሩ ይነበባል። ወደ ኋላ መመለስ ማለትም ግልጹን ወረቀት ማንሣት ብቻ ስለሆነ ሰኮንዶች ይበቁታል። ከአንድ መሠረት ላይ ሦስት ወረቀት ዘርግቶ ሦስት እንግዶችን ማስነሣትም ይቻላል። መሠረቱ 8 ጊጋባይት ቢሆን ሦስቱ 24 ጊጋባይት አይፈጁም፤ እያንዳንዱ የራሱን ልዩነት ብቻ ይጽፋል። ይሁን እንጂ ወረቀት የተዘረጋበትን መሠረት በቀጥታ የሚነካ ሰው ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ያበላሻል። ስናፕሾት የመጠባበቂያ ቅጂ አለመሆኑም መታወቅ አለበት፤ ዲስኩ ሲበላሽ ካርታውም ወረቀቱም አብረው ይሄዳሉ። የምታከብሩትን ሥራ በሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ።

ስክሪፕት እንደ ቤተ ሙከራ ደብተር

ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ በእንግዳው ውስጥ የሠራነውን እንዴት እንደምንመዘግብ ነው። ትእዛዛትን በእጅ እየጻፉ መስጠት ለመማር ጥሩ ነው፤ ለመመዝገብ ግን አይሆንም። ስክሪፕት በአንድ የጽሑፍ ፋይል የተቀመጡ ትእዛዛት ዝርዝር ነው። ሊነበብ፣ ሊታረምና እንደገና ሊፈጸም የሚችል ደብተር ነው ማለት ነው። በእኛ አስተያየት በንጹሕ እንግዳ ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሮጦ ውጤቱን የማያወጣ ስክሪፕት ገና አልተጻፈም። ስለሆነም የሥራው ዑደት እንዲህ ነው፤ ስክሪፕቱን እናሻሽላለን፣ እንግዳውን ወደ ንጹሕ ስናፕሾቱ እንመልሳለን፣ ስክሪፕቱን እናስኬዳለን። በእጃችን ያደረግነውና መመዝገብ የረሳነው ነገር ካለ ወዲያው ይጋለጣል።

ከስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመሮች አንዱ፣ ማናቸውም ትእዛዝ ሲከሽፍ ሁሉም ነገር እንዲቆም የሚያዝ ይሁን። በልማድ የሊኑክስ ሼል አንድ ትእዛዝ ቢከሽፍም ወደ ቀጣዩ ያልፋል፤ ይህም ወደ ፎልደሩ መግባት ያልቻለ ስክሪፕት በቆመበት ቦታ ያገኘውን ፋይል እንዲያጠፋ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ላይ አንድ የታወቀ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ማከፋፈያ ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ የተጠቃሚዎችን ፋይሎች ጠርጎ አጥፍቷል። መንሥኤው በስክሪፕቱ ውስጥ የፎልደር ስም መያዝ የነበረበት ተለዋዋጭ ባዶ ሆኖ መገኘቱ ነው። «በዚህ ፎልደር ሥር ያለውን ሁሉ አጥፋ» የሚለው ትእዛዝ የፎልደሩ ስም ሲጎድለው «ከሥሩ ጀምሮ ያለውን ሁሉ አጥፋ» ወደሚል ተለወጠ። ሼሉ ፈጽሞ ያልተሰየመ ተለዋዋጭ ሲያጋጥመው እንዲቆም ማድረግ ይቻላል፤ ተሰይሞ ባዶ የቀረውን ግን አይዝልንም። ከማጥፋት በፊት «ባዶ ነውን?» ብሎ መጠየቅ የጸሐፊው ፋንታ ነው። አደገኛ በሆነ ትእዛዝ ፊት ኤኮ የሚለውን ቃል ጽፎ አንድ ጊዜ ማስኬድም መልካም ልማድ ነው። ኤኮ ትእዛዙን ሳይፈጽም በስክሪኑ ላይ ያትመዋልና ምን ሊሆን እንደነበር ዓይናችን ያያል። ደስ ካሰኘን ቃሉን እናነሣለን።

የፋይል ስሞችን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡ፤ በስሙ መካከል ክፍት ቦታ ካለ ሼሉ አንዱን ስም ሁለት አድርጎ ይቆጥረዋልና። በዊንዶውስ ላይ ተጽፎ ወደ ሊኑክስ እንግዳ የተወሰደ ስክሪፕት ትርጉም የሌለው ስሕተት ካሳየ ጥፋቱ ምናልባት በዓይን የማይታይ ነው። ዊንዶውስ የመስመርን ፍጻሜ በሁለት የማይታዩ ምልክቶች፣ ሊኑክስ ግን በአንድ ያመለክታል፤ የተረፈው ምልክት ከትእዛዙ ጋር ይጣበቃል።

በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ለምትሠሩም አንድ ነገር እንጨምር። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ውስጥ የገባ ሲሆን ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ «ሰላም» የሚለውን ቃል በባይት የሚቆጥር ትእዛዝ 9 ይላል፣ በፊደል የሚቆጥር ደግሞ 3። ባዶውን የተጫነ እንግዳ የቋንቋ ማስተካከያው ብዙ ጊዜ ስለማይሟላ ፊደል ቁጠር ብንለው እንኳ ባይት ሊቆጥርልን ይችላል። አንዱ ስክሪፕት በሁለት ማሽን ላይ ሦስት እጥፍ የተለያየ መልስ ሲሰጥ ሁልጊዜ የጥፋቱ ምንጭ ሒሳቡ አይደለም።

መብራት ሲጠፋ

ረዥም ስሌት በቤት ውስጥ የሚያካሂድ ሁሉ የሚፈራው ነገር ይታወቃል። ሦስት ቀን የሚፈጅ ሥራ በሁለተኛው ሌሊት መብራት ቢጠፋበት ከመጀመሪያው መጀመር ግድ ይሆን? ስሌቱ በቁርጥራጭ ከተከፈለ ግድ አይሆንም። 20 ጊዜ የሚደጋገም፣ በየጊዜው በተለየ መነሻ የሚጀምር ስሌት አለን እንበል። የዘፈቀደ ቁጥሮች የሚመነጩበት መነሻ ቁጥር ዘር ይባላል፤ ዘሩ አንድ ከሆነ የሚከተሉት ቁጥሮችም አንድ ናቸውና ዘሩን መመዝገብ ሙከራውን መመዝገብ ነው። የስክሪፕቱ አካል በአማርኛ ቢጻፍ ይህን ይመስላል፦

ከ1 እስከ 20 ላለው ለእያንዳንዱ ዘር፤
የዚህ ዘር ውጤት በቋሚ ስሙ ካለ፣ እለፈው፤
ከሌለ፣ አስላና ውጤቱን በጊዜያዊ ስም ጻፍ፤
ስሌቱ በደኅና ካለቀ፣ ጊዜያዊውን ስም ወደ ቋሚው ለውጥ።

የዚህ ስክሪፕት ጉልበት ያለው በመጨረሻው መስመር ላይ ነው። ውጤቱን በቀጥታ በቋሚው ስም ብንጽፍ መብራቱ በጽሕፈቱ መካከል ሲጠፋ ግማሽ ፋይል ይቀራል፤ ስክሪፕቱም ዳግመኛ ሲነሣ «ይህስ አልቋል» ብሎ ያልፈዋል። ጎደሎው ቁጥር ከአማካዩ ጋር ተደባልቆ ይቀራል። የፋይልን ስም መለወጥ ግን በአንድ የፋይል ሥርዓት ውስጥ የማይከፈል ድርጊት ነው፤ ወይ ተፈጽሟል ወይ አልተፈጸመም፣ መካከለኛ የለውም። የተጻፈው በሜሞሪ ቆይታ ላይ እንዳይቀር ደግሞ ስሙ ከመለወጡ በፊት ወደ ዲስክ እንዲወርድ ማዘዝ ያሻል። መብራት ሲመለስ ተማሪው ያንኑ ስክሪፕት እንደገና ማስነሣት ብቻ ይበቃዋል፤ ያለቀው ይታለፋል፣ የጠፋው አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። ምንም ያህል ጊዜ ቢደጋገም ውጤቱን የማያበላሽ ስክሪፕት መጻፍ ከብልሃቶች ሁሉ የበለጠው ነው ብንል አላጋነንም።

ሰዓትን በሚመለከት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንግዳው ፕሮሰሰሩን የሚያገኘው በተራ ስለሆነ የጊዜ አቆጣጠሩ ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። ተኝቶ የተነሣ እንግዳም ሰዓቱ እስኪስተካከልለት ድረስ ጊዜው ከተኛበት ያልተንቀሳቀሰ ሊመስለው ይችላል። ከዳሳሽ መሣሪያ የሚመጣ ምልክት በሚሊሰኮንድ መለካት ካለበት በእውነተኛው ማሽን ላይ ይለካ፤ ትንተናው በእንግዳው ይሁን።

ከሰርን እስከ መኝታ ቤት

ይህ ሁሉ የተማሪ ጨዋታ እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌ ከመስካችን አለ። በጄኔቭ አቅራቢያ የሚገኘው የሰርን የምርምር ማእከል እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 የሙከራ መረጃውን ለሕዝብ የሚከፍትበትን ሥርዓት ሲያስጀምር፣ ሲ ኤም ኤስ የተባለው ሙከራ በ2010 ከመዘገባቸው የፕሮቶን ግጭቶች ከፊሉን ለቀቀ። መረጃውን የሚያነብበው ሶፍትዌር በዚያ ዘመን ለነበረው ሊኑክስ የተሠራ ነበር። ተመራማሪዎቹ ለእያንዳንዱ ጠያቂ «የ2010 ዓይነት ኮምፒዩተር ፈልግ» አላሉትም፤ ያንን የሥራ አካባቢ የያዘ፣ በቨርቹዋልቦክስ የሚከፈት ምናባዊ ማሽን አብረው አቀረቡለት። በየትኛውም ከተማ ያለ ተማሪ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ካለው ሳይንቲስቶቹ ባዩበት መነጽር ግጭቶቹን ማየት ይችላል።

በመጨረሻ ለአንባቢ አንድ የቤት ሥራ እንተዋለን። ሁለት እንግዶችን አዘጋጁ፣ በአንዱ ላይ የ32 ቢት (ቆየት ያለ እትም) ሊኑክስ፣ በሌላው ላይ የ64 ቢት ጫኑ። የድርብ ፔንዱለምን እንቅስቃሴ የሚያሰላ አጭር ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጻፉና በሁለቱም ላይ ከነበረበት ሳትለውጡ፣ ለ32 ቢቱ የቀድሞውን የስሌት ክፍል እንዲጠቀም አድርጋችሁ አቀናብሩት። ሁለቱንም በስፋት ተከፍቶ ከተለቀቀ አንድ መነሻ አስነሥታችሁ የማእዘኖቹን ልዩነት በየሰኮንዱ መዝግቡ። ልዩነቱ ከ16ኛው አሃዝ ተነሥቶ በየ2 ሰኮንዱ 10 እጥፍ የሚያድግ ቢሆን፣ ሁለቱ ፔንዱለሞች በዓይን የሚለያዩት ከስንት ሰኮንድ በኋላ ነው? ፕሮግራሙን ከማስነሣታችሁ በፊት ግምታችሁን በደብተራችሁ ላይ ጻፉ።